የደመወዝ ቦርዱ ወንበር እኩል ይሁን፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ቀን፦ ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ለኢትዮጵያ ሠራተኛ ማህበራት ኮንፌዴሬሽን (ኢሠማኮ)፣ ለአሠሪዎች ማህበራት

ጉዳዩ፦ የደመወዝ ቦርድ ሲቋቋም የአሠሪና የሠራተኛ ወንበር እኩል እንዲሆን ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

ነገ ሚያዝያ 23 ነው፤ የሠራተኞች ቀን። የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ጥያቄ ነገም ይነሳል። አምናም ተነስቷል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ወለሉ ስንት ብር ይሁን ለማለት አይደለም። ቁጥሩን በሚወስነው የደመወዝ ቦርድ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች እነማን ይሁኑ፣ ስንት ስንት ሆነው ይቀመጡ የሚለው ነው የሚያሳስበኝ።

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ 11 ዓመት ፔሮል (የሠራተኞች የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ሠርቻለሁ። ወሩ ሊያልቅ ሲል ሰው ቢሮዬ በር ላይ መሰለፍ ይጀምራል። ኦቨርታይሜ ገባ ወይ? የቀረሁበት ቀን ለምን ሁለት ሆነ? ይሄ ተቀናሽ የምንድን ነው? ለሁሉም መልስ ነበረኝ። መልስ ያጣሁለት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

አንዲት ልጅ ነበረች፤ ማሽን ላይ ኮሌታ የምትሰፋ። አንድ ቀን የደመወዝ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ጠቅላላ ደመወዝ 2,000 ብር። ጡረታ 7 በመቶ፣ 140 ብር። የሥራ ግብር 157 ብር ከ50። እጇ ላይ የሚደርሰው 1,702 ብር ከ50 ሳንቲም። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ ግብሩ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ጋሼ፣ ይቺን ማን ነው የወሰናት?»

አዋጅ ነው አልኳት። በጊዜው ከ600 ብር በላይ ያለው ደመወዝ ግብር ነበረበት፤ ይህንኑ አስረዳኋት። ጣቷን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ 2,000ው ላይ አቆመችው።

«ይቺንስ?»

እንዴት እንደተወሰነች አውቃለሁ። ሥራ አስኪያጁ አጠገባችን ላሉ ሁለት ፋብሪካዎች ስልክ ደውሎ «እናንተ ስንት ነው የምትከፍሉት?» ብሎ ጠየቀ። የነገሩትን ሰማና መሃል ላይ ያለውን ያዘ። እኔም ፔሮሉ ላይ አስገባሁት። ሌላ ጥናት አልነበረም። ይህን ለልጅቷ እንዴት ብዬ ልንገራት? «ገበያው ነው» አልኳት። እሺ ብላ ሄደች።

ይህ ነገር ሲመላለስብኝ አንድ ነገር አስተዋልኩ። በዚያች ወረቀት ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሕግ አለው። ግብሩ አለው። ጡረታው አለው፤ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ኦቨርታይሙም ተለክቶ ተቀምጧል። በአዘቦት ቀን 1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5 ይባዛል። ግን በምን ይባዛል? በመነሻ ደመወዙ። ያ መነሻ ደግሞ ከዚህ በታች አይወርድም የሚለው ሕግ የለም። ሌላው ሁሉ የተሠራው እሱ ላይ ነው።

መንግሥት ለራሱ ሠራተኛ ወለል አለው። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው 4,760 ብር ሆኖ ነበር። ይበል የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር ላይ የቆመው ጥበቃና ከመንገዱ ማዶ የግል ድርጅት በር ላይ የቆመው ጥበቃ ዘይት የሚገዙት ከአንድ ሱቅ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ክፍተት አይቶታል። አንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ እንዲኖር ይደነግጋል። መንግሥት፣ ሠራተኛ፣ አሠሪና ሌሎች የሚመለከታቸው አካላት የሚወከሉበት ሆኖ፣ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው ይከልሳል ተብሏል። ሥልጣንና ተግባሩን የሚወስነው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። አዋጁ በመጪው ነሐሴ 6 ዓመት ይሞላዋል። ደንቡ ይህን እስክጽፍ ድረስ አልወጣም። በዚህ መሃል ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ስለ መዘግየቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ አልደግመውም።

እኔን የሚያስፈራኝ ደንቡ ሲወጣ ምን ብሎ እንደሚወጣ ነው። አንቀጽ 55 እነማን እንደሚቀመጡ ይናገራል። ስንት ስንት ሆነው እንደሚቀመጡ አይናገርም። እስቲ 15 ሰው ያለበት ቦርድ እንበል። 9ኙ ከተለያዩ መሥሪያ ቤቶች የመጡ ኃላፊዎች ቢሆኑ፣ 2 ሠራተኛ፣ 2 አሠሪ፣ 2 ሌላ ቢታከልበት አዋጁ አልተጣሰም። ሠራተኛና አሠሪም በቁጥር እኩል ናቸው። ግን ሁለቱም ለምስክርነት ተጠሩ እንጂ ወሳኝ አይደሉም። ቁጥሩ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ተሠርቶ ነው። እነሱ ያዳምጣሉ፣ ይፈርማሉ። ከዚያ አሠሪው «ተጫነብኝ» ይላል። ሠራተኛው «ስለ እኔ ማን ጠየቀኝ» ይላል። እንዲህ የወጣ ቁጥር ደግሞ ፔሮል ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን እኔ አውቃለሁ። የትራንስፖርት አበሉ ወደ ደመወዝ ይጠቀለላል፣ ምሳው ይቀራል፣ ወለሉ በወረቀት ላይ ተሟላ ይባላል።

እኩል ይቀመጡ የሚለው ሐሳብ ከእኔ የመጣ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 26 ላይ አሠሪና ሠራተኛ በእኩል ቁጥርና በእኩል ሁኔታ መሳተፍ አለባቸው ብሎ አስቀምጦታል። በ1970 የወጣው ስምምነት ቁጥር 131 ደግሞ ደመወዝ ሲወሰን የሠራተኛውና የቤተሰቡ ፍላጎት፣ የኑሮ ውድነቱ፣ የአገሪቱ ኢኮኖሚ አቅም አብረው እንዲታዩ ይጠይቃል። አገራችን የድርጅቱ አባል የሆነችው በ1923 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏታል። እነዚህን ሁለት ስምምነቶች ግን አላጸደቀችም። ማጽደቁ የራሱ ጊዜና ሂደት ይኖረዋል። ሐሳቡን ደንቡ ውስጥ ለማስገባት ግን እሱን መጠበቅ አያስፈልግም።

እንዲያውም ምሳሌውን ከውጭ መፈለግ የለብንም። ራሱ አዋጅ 1156 ውስጥ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ እንዴት እንደሚዋቀር ተመልከቱ። ሰብሳቢ አለው፣ ሁለት የሙያው ዕውቀት ያላቸው አባላት አሉት፣ ከሠራተኛ ማህበራት 2፣ ከአሠሪዎች ማህበራት 2 ይቀመጣሉ። ክርክር ሲነሳ እኩል የምናስቀምጣቸውን ሰዎች፣ ለክርክሩ ዋና መነሻ የሆነው ደመወዝ ሲወሰን ለምን አናስቀምጣቸውም?

ደቡብ ኮሪያ ይህን ከሠሩት አንዷ ናት። የዝቅተኛ ደመወዝ ኮሚሽናቸው 27 አባላት አሉት። 9 ከሠራተኛ፣ 9 ከአሠሪ፣ 9 የሕዝብን ጥቅም የሚወክሉ ባለሙያዎች። በየዓመቱ ይገናኛሉ፣ በየዓመቱ ይጨቃጨቃሉ። ባለፈው ዓመት ለ2025 እ.ኤ.አ. ሲደራደሩ ሠራተኞቹ በሰዓት 12,600 ዎን ብለው ጀመሩ። አሠሪዎቹ ባለበት፣ በ9,860 ይቆይ አሉ። ልዩነቱ 2,740 ዎን ነበር። ሐሳብ እየተለዋወጡ፣ አንዱ ወረድ ሌላው ከፍ እያለ፣ መጨረሻ ላይ ለድምፅ የቀረቡት 10,120 እና 10,030 ሆኑ። ከ2,740 ወደ 90 ዎን! የአሠሪዎቹ 10,030 በ14 ለ9 ድምፅ አለፈ። 4 የሠራተኛ ተወካዮች ድምፅ ሳይሰጡ ወጡ። ሠራተኛው አላሸነፈም። ደስም አላለውም። ነገር ግን ቁጥሩ እንዴት እንደተወለደ አገሩ ሁሉ አየ። የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣም ሁለቱም ወገን እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ይገናኛሉ።

ባንግላዴሽ ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጣለች። እንደኛው ልብስ ሰፍታ ለውጭ የምትልክ አገር ናት። የደመወዝ ቦርድ አላት። የሠራተኛም የአሠሪም ተወካይ በቦርዱ አለ፤ አባላቱን የሚሾመው ግን መንግሥት ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ማህበራቱ መንገድ ላይ 23,000 ታካ እያሉ ነበር። አሠሪዎች 10,400 አሉ። ቦርዱ 12,500 ብሎ ወሰነ። ሰልፍ ወጣ፣ ፋብሪካ ተዘጋ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ። ከዚያ በፊት ደመወዙ የተከለሰው ከ5 ዓመት በፊት ነበር። 5 ዓመት የታፈነ ነገር በአንድ ወር ሲፈታ እንዲህ ይሆናል። ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። ተወካዩን የሚመርጠው የሚወከለው ወገን ራሱ ይሁን። ክለሳውም ቢያንስ በየዓመቱ ይሁን፤ ደንቡ ውስጥ ወሩ ይጻፍ።

የአሠሪውን ነገር በቀላሉ የማየው እንዳይመስላችሁ። ሰፈሬ ውስጥ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያስረክቡ አንዲት እናት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። 6 ሴቶች አብረዋቸው ይሠራሉ። ሒሳባቸውን በወር አንድ ቀን እየሄድኩ እሠራላቸዋለሁ። ስለ ደመወዝ ወለል ባነሳሁባቸው ጊዜ ጨርቁን ከምጣዱ ላይ አነሱና ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ለእነዚህ ልጆች እኔም ብጨምር ደስ ይለኛል። ግን ጤፉን አንተ ታውቀዋለህ። መብራት ሲሄድ የቦካው ሊጥ ይበላሽብኛል፤ ማን ይከፍለኛል? ሆቴሉ ደግሞ ዋጋ ጨምሩልኝ ስለው ከሌላ አመጣለሁ ይላል። አንድ ቀን ተነስተው ይህን ያህል ክፈይ ቢሉኝ ሁለቱን አሰናብቼ በአራት ነው የምሠራው።»

እውነታቸውን ነው። ሒሳባቸውን ስለማውቀው ነው እውነታቸውን ነው የምለው። ታዲያ በአሠሪ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? ተወካዮቹ ሁሉ ከትልልቅ ፋብሪካና ከባንክ ከመጡ፣ እትዬ አልተወከሉም። ለትልቁ ፋብሪካ የሚመች ቁጥር እሳቸውን ሊዘጋቸው ይችላል። ወይም በተቃራኒው፣ ትልቁ ፋብሪካ «ትንንሾቹ ይጎዳሉ» እያለ በእሳቸው ስም ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ሁለተኛው ነገር በጣም የተለመደ ነው። ስለዚህ ከአሠሪው ድርሻ ውስጥ ለጥቃቅንና አነስተኛ የሚሆን ወንበር ተለይቶ ይቀመጥ።

በሠራተኛው በኩልም ያው ነው። በሕጉ አንድ ድርጅት ውስጥ ማህበር ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ያስፈልጋል። ከዚያ በታች የሆኑት ከሌሎች ጋር ተሰባስበው ጠቅላላ ማህበር ካላቋቋሙ በቀር ማህበር የላቸውም። የእትዬ 6 ሴቶች ማህበር የላቸውም። ኢሠማኮ ለእነሱም እንደሚናገር አምናለሁ፤ ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ ስንት ዓመት የጮኸ እሱ ነው። ግን ማህበር ለሌላቸው ሠራተኞች የሚናገር አንድ ወንበር ቢኖር፣ ያም ወንበር የሴት ቢሆን፣ ጉዳዩ ከነሕይወቱ ቦርዱ ፊት ይደርሳል።

ኤጀንሲን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በየባንኩና በየሕንፃው በር ላይ የምናያቸው ጥበቃዎች፣ የምናያቸው ጽዳቶች፣ ብዙዎቹ የሚቀጠሩት በኤጀንሲ ነው። ድርጅቱ ለኤጀንሲው ይከፍላል። ኤጀንሲው ድርሻውን ያስቀርና ለሠራተኛው ይከፍላል። ሠራተኛው «አሠሪዬ ማነው?» ሲል ሁለቱም ወደ ሌላው ይጠቁማሉ። ቦርዱ ወለል ሲያወጣ፣ ወለሉ ሠራተኛው እጅ ላይ የሚደርሰው ይሁን እንጂ ድርጅቱ ለኤጀንሲው የሚከፍለው እንዳይሆን በግልጽ መጻፍ አለበት። የቤት ሠራተኞች ደግሞ ከአዋጁ ውጭ ናቸው፤ ለእነሱ ለብቻው ደንብ ይወጣል ተብሎ ነው የተተወው። ቢያንስ ቦርዱ ስለ እነሱ ምክር እንዲሰጥ ሥልጣን ይኑረው።

«ርካሽ ጉልበት ባለሀብት ይስባል» የሚለውን ክርክርም ቦርዱ ላይ መስማታችሁ አይቀርም። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጽፈው ነበር። የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ባንግላዴሽ በጊዜው 95 ዶላር ነበረች። እንዲህ ርካሽ ሆኖም ሠራተኛው እየለቀቀ ፋብሪካዎቹ ተቸገሩ። ኋላ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ማለትም ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው ዕድል፣ ስንወጣ ደግሞ ርካሽነቱ ኩባንያዎችን አላስቀራቸውም። እኔ በየወሩ ፔሮል ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ከላይ ስም እሰርዛለሁ፣ ከታች ስም እጨምራለሁ። አዲስ ልጅ መስፋት እስክትለምድ ስንት ጨርቅ ይበላሻል? ያ ወጪ ፔሮል ላይ አይታይም፤ ግን ወጪ ነው። ኮሌታ የምትሰፋዋ ልጅ በ4ኛ ወሯ ለቀቀች። ስሟን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ፓስፖርት አውጥታ ወደ ዱባይ ልትሄድ ነው ሲሉ ሰማሁ።

አንድ ነገር ከሙያዬ ልጨምር። ቦርዱ ሲሰበሰብ «መረጃ የለም» ይባላል። አለ። እኔና እኔን መሰል የፔሮል ሠራተኞች በየወሩ የሥራ ግብር ስናሳውቅ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ደመወዝ ዘርዝረን ለገቢዎች እናስገባለን። ጡረታውንም እንዲሁ። ስም ሳይኖርበት፣ በየዘርፉና በየከተማው ስንት ሰው ከ2,000 በታች፣ ስንት ሰው ከ4,000 በታች እንደሚከፈለው ማውጣት ይቻላል። የስታቲስቲክስ አገልግሎትም የዋጋ ግሽበቱን በየወሩ ያወጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዋናው ነገር ግን ይህ መረጃ ለሠራተኛውም ለአሠሪውም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት ይድረስ። ስብሰባው ዕለት ጠዋት ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ አንብበው ባለሙያ አማክረው እንዲመጡ። ወንበር እኩል ሆኖ አንዱ መረጃ ይዞ ሌላው ባዶ እጁን ከመጣ እኩል አልተቀመጡም።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በደንቡ ላይ የሠራተኛና የአሠሪ ወንበር በቁጥር ተጽፎ እኩል ይሁን፤ የመንግሥትም ከእያንዳንዳቸው አይብለጥ። ገለልተኛ ባለሙያዎች ሁለቱ ወገኖች የተስማሙባቸው ይሁኑ። ተወካዮቹን ማህበሮቻቸው ይምረጡ፣ ከቦታቸውም ማህበሮቻቸው ብቻ ያንሷቸው። የቦርዱ ውሳኔ ከነምክንያቱ ይታተም፤ ማን ምን ሐሳብ እንዳቀረበ ሕዝብ ይወቀው። ከሁሉ በፊት ደግሞ ረቂቁ አዋጁ 6 ዓመት ከመሙላቱ በፊት ለውይይት ይፋ ይሁን።

ለውይይቱ እኔ እመጣለሁ። የ11 ዓመት ልምዴን ይዤ፣ ያለ አበል። እትዬንም ይዣቸው እመጣለሁ፤ ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል። እሳቸውን የምትጠሯቸው ከሆነ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይሁንላቸው። ጠዋት ምጣድ ላይ ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የፔሮል ሠራተኛ
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ